ከፖስታው መክፈቻ በፊትና በኋላ፦ የመንግሥት ግንባታ ግዥን ለሚመሩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የግዥ ሕግና መመሪያ አውጪዎች፣ የአሠሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የጨረታ ኮሚቴ አባላትና ኦዲተሮች፣

በመንግሥት ግንባታ ውስጥ እንደ ጨረታ መክፈቻ ሰዓት በጥንቃቄ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሣጥኑ ይታሸጋል፤ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ይመለሳል፤ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞ የተገኘው ሁሉ ይፈርማል። ሣጥኑ በኮምፒውተር በተተካበት ቦታም ወጉ ያው ነው። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፣ እንዲቀር አልጠይቅም። ነገር ግን ሙያዬ ኳንቲቲ ሰርቬየር፣ ማለትም የግንባታ ሥራን መጠንና ዋጋ የሚያሰላ ባለሙያ ነው፤ ከአሠሪም ከተቋራጭም ወገን ተቀምጬ የሥራ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፣ ነጠላ ዋጋ ሞልቻለሁ፣ የመጨረሻ ሒሳብ ዘግቻለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የአንድ መንገድ ወይም ሆስፒታል ዋጋ በዚያች ሰዓት አይወሰንም። ብዙው ቀደም ብሎ፣ ዲዛይኑ ሲሠራና አፈሩ ሲመረመር አልቋል። የቀረው ደግሞ ገና ነው፤ ከውል በኋላ ሥራውን የሚቀይር የለውጥ ትዕዛዝ ሲፈረም፣ ክፍያ ሲጓተት፣ ጊዜ ሲራዘም ይመጣል። የምጠይቃችሁ የግዥ ፖሊሲው ትኩረቱን ከመሐል ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች እንዲያዞር ነው።

አስቀድሜ ስለዚያች ሰዓት ራሷ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 103 የግንባታ ድርጅቶችን በገንዘብ ቀጣ። አብዛኞቹ ያደረጉት ነገር ሲሰማ ቀላል ነው። ሥራውን የማይፈልግ ግን ከአሠሪው ዝርዝር መሰረዝ የማይፈልግ ተጫራች ለተፎካካሪው ይደውልና ስንት ልሙላ ብሎ ይጠይቃል፤ ከአሸናፊው ከፍ ያለ ዋጋ ይነገረዋል፤ ያንኑ ሞልቶ በሰዓቱ ያስገባል። ፖስታው ታሽጓል፣ ሰነዱ ተሟልቷል፣ ፊርማው ትክክል ነው። በአዳራሹ የተቀመጠ ታዛቢ የሚይዘው ስሕተት የለም። ውድድሩ ያለቀው በስልክ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጋልጠው የብዙ ጨረታዎች ዋጋ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ማን ከማን ጋር ሁልጊዜ እንደሚሸነፍ ሲታይ ነው። ለዚያ ደግሞ መረጃው በአንድ ቦታ መከማቸትና የሚያነበው ሰው መኖር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ቁጥር አለበት። አንድ ቁፋሮ እንውሰድ። የሥራ ዝርዝሩ 10,000 ሜትር ኩብ አፈርና 1,000 ሜትር ኩብ ዐለት ይላል። የመጀመሪያው ተጫራች ለአፈሩ 10፣ ለዐለቱ 50 ይሞላል፤ ድምሩ 150,000 ነው። ሁለተኛው ቦታውን ዞር ዞር ብሎ አይቷል፤ ዐለቱ ከተጻፈው እንደሚበልጥ ጠርጥሯል። ለአፈሩ 4፣ ለዐለቱ 100 ይሞላል፤ ድምሩ 140,000 ነው። ያሸንፋል፤ ኮሚቴውም ለሕዝብ 10,000 አዳንን ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ሥራው ሲጀመር ከ11,000 ሜትር ኩቡ 6,000ው አፈር፣ 5,000ው ዐለት ሆኖ ይገኛል። የተሸነፈው ቢሠራው ኖሮ 310,000 ይከፈለው ነበር። ያሸነፈው የሚቀበለው 524,000 ነው።

ቁጥሮቹን ለማስረዳት መርጫቸዋለሁ እንጂ ዘዴውን በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ጉቦ የለበትም። አንድም አንቀጽ አልተጣሰም። ተቋራጩን ሌባ ማለትም አይቻልም፤ ሰነዱ የከፈተለትን በር ነው የገባበት። በሩን የከፈተው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩን ሳይመረምር ሰነድ የሸጠው አሠሪ ነው። የአፈር ምርመራ ከጠቅላላው የግንባታ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ በጀት ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ ሪባን ስለማይቆረጥለት ይሆናል። ይኸው ዘዴ ሌላም መልክ አለው። ቀድመው የሚሠሩትን ሥራዎች፣ ቁፋሮንና መሠረትን፣ ዋጋ አስወድዶ ኋላ የሚመጡትን አርክሶ መሙላት ይቻላል። ድምሩ አይለወጥም። ተቋራጩ ግን ገንዘቡን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰበስባል፤ የቀለሙና የመስኮቱ ጊዜ ሲደርስ በሥራው የሚያቆየው ነገር አይኖርም።

መድኃኒቱ አይከብድም። የጨረታ ኮሚቴው ድምሩን ብቻ አይይ፤ እያንዳንዱን ነጠላ ዋጋ ከመሐንዲሱ ግምት ጋር ያስተያይ፤ የተዛባውን ተጫራቹ በጽሑፍ ያብራራ፤ መጠኑ ቢለወጥ ማን አሸናፊ ይሆን እንደነበር ውል ከመፈረሙ በፊት ይሰላ። ይህ የአንድ ቀን የኮምፒውተር ሥራ ነው። ውሉም ከለላ ይስጥ። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር በ1999 ባወጣው የግንባታ ውል ቅጽ የአንድ ሥራ መጠን ከተጻፈው ከ10 በመቶ በላይ ሲለወጥ፣ ሌሎች መስፈርቶችም ሲሟሉ፣ አዲስ ነጠላ ዋጋ እንዲወሰን ይፈቀዳል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን አንቀጽ በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ሲያሻሽሉት አልፎ አልፎ አያለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ ግን ከጎኑ አይገኝም።

ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፍ የሚለው ደንብ ለምን እንዲህ ሥር ሰደደ? ርካሽ ስለሚያስገኝ አይመስለኝም። ለሚወስነው ሰው መጠለያ ስለሆነ ነው። ኦዲተር መጥቶ ለምን ርካሹን ተውክ ብሎ የጠየቀው ሹም ብዙ ነው፤ ለምን ርካሹን መረጥክ ተብሎ የተጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ርካሹን የመረጠው ሰው ሥራው ሦስት ዓመት ቢዘገይ፣ ዋጋው በእጥፍ ቢያድግ፣ ማኅደሩ ንጹሕ ነው። ጥራትን መዝኖ ሁለተኛውን የመረጠ ግን ሥራው በጊዜው ቢያልቅም ጥርጣሬ ይከተለዋል። ይህ የሰዎች ድክመት አይደለም፤ ያወጣችሁት ደንብ የሚሸልመው ፍርሃትን ነው። ስለዚህ ነው ኦዲተሮችንም በአድራሻው ላይ የጨመርኳችሁ።

በጣም የወረደ ዋጋ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ተጫራቹ ተሳስቷል፣ ወይ በለውጥ ትዕዛዝ አወራርደዋለሁ ብሏል። ተጫራች ሲበዛ ዝቅተኛው ዋጋ የብልሁ ሳይሆን በግምቱ ይበልጥ የሳተው የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 ነዳጅ ፍለጋ ላይ የተሰማሩ መሐንዲሶች በጽሑፍ አሳይተውታል፤ እነሱ ያዩት በከፍተኛ ዋጋ የሚያሸንፉትን ነው፣ በዝቅተኛ ዋጋ ለሚያሸንፉትም ሒሳቡ ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2014 የግዥ መመሪያ፣ አንቀጽ 69፣ ያልተለመደ ዝቅተኛ የመሰለ ዋጋ ሲቀርብ አሠሪው ማብራሪያ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ሊጠይቅ ይችላል አላለም፤ የግድ ነው። በመመሪያችሁ ውስጥ ይህን አንድ ግሥ ከፈቃድ ወደ ግዴታ መለወጥ ብዙ ያድናል።

አንዳንዶች አቋራጭ አግኝተናል ብለው ከተጫራቾች ዋጋ አማካይ ጋር ይበልጥ የተጠጋው ያሸንፍ ይላሉ። አትከተሏቸው። በጣሊያን ቱሪን ከተማ እንዲህ ባለ ደንብ በሚካሄዱ የመንገድ ሥራ ጨረታዎች ድርጅቶች በቡድን እየሆኑ፣ ማሸነፍ የማይፈልጉባቸውን ዋጋዎች እያስገቡ፣ አማካዩን ራሱን ወደ ፈለጉበት ይገፉት ነበር፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈርዶባቸዋል። ማሽን የፈረደው ዳኝነት ንጹሕ ይመስላል፤ ማሽኑን የሚያጠና ሰው ግን ሁልጊዜ አለ።

ወደ ቀዳሚው ዳርቻ ልመለስ፤ ዲዛይን ሳያልቅ የሚወጣ ጨረታ። የሲድኒ ኦፔራ ቤት ሥራ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1959 ሲጀመር ጣሪያው እንዴት እንደሚቆም ገና አልተፈታም ነበር። ባለሥልጣናቱ ግንባታው ቶሎ እንዲታይ ፈልገው ነበር። ጣሪያው በኋላ ሲወሰን ቀድመው የተሠሩት ምሰሶዎች ሊሸከሙት ስላልቻሉ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተገመተው 102 ሚሊዮን ፈጀ፤ በ1963 ያልቃል የተባለው በጥቅምት 1973 ተመረቀ። ውበቱ ዕዳውን አስረሳው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ስሙን ማንም የማያውቀው የገጠር ክሊኒክ አያገኝም። በስኮትላንድ የፓርላማ ሕንፃም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በ1997 ከ10 እስከ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ የተነገረው ሥራ በ414 ሚሊዮን አለቀ። የተመረጠው የውል ዓይነት ዲዛይኑ እየተሠራ በየክፍሉ ጨረታ እየወጣ የሚሄድበት፣ የዋጋው ስጋት ሁሉ በአሠሪው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ነበር፤ በኋላ የተካሄደው ምርመራ ይህን ምርጫ አጥብቆ ነቅፎታል።

በዲዛይንና ግንባታ አንድ ላይ ውል ሲሰጥ ይህ ችግር አይነሣም የሚሉኝ አሉ። ይነሣል። እንዲያውም አሠሪው የሚፈልገውን ጠንቅቆ ካልጻፈ ይብሳል፤ ልዩነቱ ክርክሩ ከሥዕል ወደ ቃላት መዛወሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ዲዛይኑ ያላለቀ፣ አፈሩ ያልተመረመረ፣ መሬቱ ከይዞታ ጥያቄ ነፃ ያልሆነ፣ ገንዘቡ ያልተያዘለት ሥራ ጨረታ እንዳይወጣ ይከልከል፤ ዝግጁነቱን የሚያረጋግጠውም ከአሠሪው ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፣ ስሙንም ጽፎ ይፈርም። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ነው ተብሎ የሚጣደፍ ጨረታ ኋላ የሚያስከፍለው ከተመለሰው በጀት ይበልጣል። ይህን ለገንዘብ መሥሪያ ቤቶችም ጭምር ነው የምለው፤ ያልተጠቀምክበትን እነጥቅሃለሁ እያላችሁ አሠሪውን የምታጣድፉት እናንተ ናችሁ።

የአገልግሎት ግዥን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አነሣለሁ፤ የአማካሪ መሐንዲስ ምርጫ። ዲዛይንና ቁጥጥርን እንደ ሲሚንቶ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገዛ አሠሪ የገዛው የመሐንዲሱን አለመኖር ነው። ዋጋውን ያወረደ አማካሪ ከየትም አያመጣም፤ ልምድ ያለውን ሰው በጀማሪ ይተካል፣ የሳይት ጉብኝት ይቀንሳል፣ የድሮ ሥዕል ይገለብጣል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ከ1972 ጀምሮ አርክቴክትና መሐንዲስ የሚመርጠው በብቃት አወዳድሮ ነው፤ ስለ ዋጋ የሚደራደረው አንደኛ ከወጣው ጋር ብቻ ነው፣ ካልተስማሙ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው። የአማካሪው ክፍያ ከግንባታው ወጪ ጥቂት በመቶ ሆኖ ሳለ የቀረውን በሙሉ የሚወስነው ግን እሱ ነው፤ ቁጠባን እዚህ የሚጀምር ሰው የት ላይ እንደሚከፍለው አላሰበም።

ውል ከተፈረመ በኋላ ስለሚሆነው ስናገር በክፍያ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ካሪሊየን የተባለው ግዙፍ የብሪታንያ ተቋራጭ ሲወድቅ በእጁ የነበረው 29 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ግዴታው ወደ 7 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። ሁለት ሆስፒታሎች በጅምር ቀሩ፤ አንደኛው የተከፈተው በ2022፣ ሌላው በ2024 ነው። 30,000 ያህል አቅራቢዎችና ንዑስ ተቋራጮች ገንዘባቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ድርጅቱ ለአቅራቢዎቹ የሚከፍለው እስከ 120 ቀን አዘግይቶ እንደነበር በኋላ ተጋለጠ፤ የመንግሥት ገንዘብ ከላይ ቢለቀቅም ከታች ያለው አናጢ ዘንድ አይደርስም ነበር። ታዲያ በዚያችው አገር በ1996 በወጣ ሕግ ከአሠሪ ካልተከፈለኝ አልከፍልህም የሚል አንቀጽ በጥቅሉ ተከልክሏል፤ ክርክር ቢነሣ በ28 ቀን የሚወስን ገላጋይም አለ። ሕጉ ኖሮም ይህ ከሆነ፣ ሕጉ በሌለበት የሚሆነውን ገምቱት።

መንግሥት ራሱ የሚያዘገየው ክፍያ ደግሞ በጨረታው ዋጋ ውስጥ ተመልሶ ይገባል። የክፍያ ሰርተፊኬቱ ስምንት ወር በጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር የሚያውቅ ተጫራች የባንክ ወለዱን አስልቶ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ይከተዋል። አቅም የሌለው ትንሽ ተቋራጭ ጭራሽ አይጫረትም፤ ተወዳዳሪ ጠፋ ብላችሁ የምትማረሩት ለዚህም ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመርኅ ደረጃ በ30 ቀን እንዲከፍሉ፣ ቢዘገዩ ወለድ ያለ ጥያቄ እንዲታሰብባቸው ያዛል። እዚህ ላይ ወሳኙ ያለ ጥያቄ የሚለው ነው። ወለዱን ጠይቆ የሚያገኘው ተቋራጭ አይጠይቅም፤ ነገ ከዚያው መሥሪያ ቤት ሥራ ይፈልጋላ።

የለውጥ ትዕዛዝ ነገር ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ገንዘብ ነው። ኦዴብረክት የተባለው የብራዚል ተቋራጭ በ12 አገሮች 788 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጉቦ መክፈሉን በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት አምኗል፤ ጉዳዩን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች እንዳሳዩት ጉቦ በተከፈለባቸው ፕሮጀክቶች ከውል በኋላ በድርድር የተጨመረው ወጪ ጉቦ ካልነበረባቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዴ ውሉ ከተያዘ ተፎካካሪ የለማ። ሁለተኛው ፊት ይከብዳል። በለንደን ግሬንፌል ማማ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ እድሳት ወጪ ይቀነስ ተብሎ ለግድግዳው የታሰበው የዚንክ ልባስ ፕላስቲክ እምብርት ባለው የአልሙኒየም ልባስ ተቀየረ። ሰኔ 2017 በተነሣው እሳት 72 ሰው ሞተ፤ እሳቱ በግድግዳው ላይ እንዲዛመት ያደረገው በዋናነት ያ ልባስ እንደነበር ምርመራው አረጋግጧል። ከጨረታ በኋላ የሚደረግ የዕቃ ለውጥ ዋጋ ቀነሰ ተብሎ ብቻ ሲጸድቅ ማን መረመረው የሚለው ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ የፖስታው መታሸግ ማንንም አያድንም።

ስለዚህ የለውጥ ትዕዛዝ ሁሉ፣ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም፣ ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ይህን ማድረግ የሚችል ሥርዓት ቅንጦት አይደለም። ዩክሬን ከ2014 በኋላ በጎ ፈቃደኞች በጀመሩት ፕሮዞሮ በተባለ ሥርዓት ከነሐሴ 2016 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲገዙ አስገድዳለች፤ የተጫራቾችን ሰነድና የተፈረመውን ውል ማንም ሰው ከፍቶ ያያል። ጦርነት ውስጥ ያለች አገር ከያዘችው ሌላው አቅም የለኝም ሊል አይችልም። ምሥጢር ነው የሚባለው የተቋራጭ ዋጋ እኮ በመክፈቻው ሰዓት ጮክ ተብሎ ተነቧል። ታዲያ ጮክ ተብሎ የተነበበው ዋጋ በመጨረሻ ስንት ሆነ ብሎ መጠየቅ ምን ነውር አለው?

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይሆን አውቃለሁ። አዲስ አዋጅ ሳትጠብቁ፣ በአንድ ደብዳቤ ብቻ ልትጀምሩት የምትችሉት አለ። ላለፉት አምስት ዓመታት የተረከባችኋቸውን ሥራዎች ዝርዝር አውጡ። በየሥራው ፊት አራት ነገር ይጻፍ፦ በውል የተፈረመው ዋጋ፣ በመጨረሻ ሒሳብ የተከፈለው፣ በውል የተሰጠው ጊዜና በተግባር የወሰደው። ከጎኑ የተቋራጩም፣ የአማካሪውም፣ ሰነዱን ያጸደቀው የሥራ ክፍልም ስም ይስፈር። መረጃው በየመሥሪያ ቤቱ የክፍያ ማኅደር ውስጥ ተበትኖ ተቀምጧል፤ የሚሰበስበው ብቻ ነው የጠፋው። ኦዲተሮችም ቀጣዩን ምርመራችሁን ከዚያ ዝርዝር ጀምሩ፤ ልዩነቱ ሰፊ የሆነባቸውን አሥር ሥራዎች መርጣችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ የአፈር ምርመራ ዘገባው ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ እዩ፣ ጨረታው የወጣበትን ወር እዩ፣ የመጀመሪያው ክፍያ በስንት ቀን እንደተለቀቀ እዩ። ዝርዝሩ ሲወጣ ለማንበብና ስሕተት ያገኘሁበትን በጽሑፍ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፤ በሙያው ያሉ ባልደረቦቼም እንደማይሰንፉ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኳንቲቲ ሰርቬየር